ከመርዶው የቀደመ ዘፈን

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ምንም። አንዲት መስመር ከጻፍኩ ሰባት ወር ሆነኝ።

አሠሪዬ እትዬ አስሊ ቤት የአንሶላና የመጋረጃ ማጠቢያ ቀን ነበር። ድሮ እጄ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዜማ ይመጣልኝ ነበር። ዛሬ የመጣው ቁርጥማት ብቻ። እትዬ አስሊ በረንዳው ላይ ተጋድማ የቱርክ ድራማዋን እያየች፣ “ምነው ዝም አልሽ አቦ? አንቺ ስታንጎራጉሪ ነው ልብሱ የሚጠራው” አለችኝ። ሶማሌ ብትሆንም ድሬዳዋ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል።

ናኦድ ከበርበራ ደወለ። እዚያ አዲስ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ እየዘረጋ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆነው። የካቲት ሲገባ በድንበሩ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ አዲስ አበባ ይሄዳል። በመጨረሻ ስቱዲዮ አግኝቷል። ሠርግ ላይ ኦርጋን እየተጫወትኩ የዘፈንኩት ይበቃኛል ብሏል። ሦስት ዘፈን አለው፣ አራተኛውን ከእኔ ይጠብቃል። “ስምሽ ይጻፋል” አለ። “ግጥም፦ አምለሰት” ተብሎ... ዐሥራ አንድ ዓመት ሐርጌሳ የሰው ልብስ ሳጥብ ኖሬ ስሜን አንድ ጊዜ ተጽፎ ባየው ምን አለበት?

“የራስሽን ለምን አትጽፊም?” አለኝ ደግሞ። የራሴን? የራሴ ምኑ ይዘፈናል። እኔ ቃራሚ ነኝ። ሰው አጭዶ ካለፈ በኋላ የወደቀችውን ዘለላ ነው የምለቅመው። የምታለቅስ ሴት ካየሁ ጆሮዬ ይቆማል። እንደ ነውር ቆጥሬው አላውቅም።

ጥር 22፣ ዓርብ

እረፍት። ብርቅነሽ ጠጉሬን ሠራችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ጠጉር ቤት የሰው ጭንቅላት ስታገላብጥ ከርማ፣ በእረፍቷ ቀን ደግሞ የእኔን። “አንቺ ሴትዮ፣ ሽበትሽ መጣ። ልደብቀው ወይስ ይታወቅ?” ትለኛለች። ጅግጅጋ ያር ሰፈር ይቺን አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት አለፈን። ተጣልተን አድረን አናውቅም።

እኩለ ቀን ላይ እንደ ዓርቡ ሁሉ እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ነው የምታወራው፣ እጇ ጠጉሬ ውስጥ ስለሆነ። እናቷ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ያንኑ ነው።

“እዛ ዘነበ?”

“ዘንቧል እማዬ። ትናንት እንኳ በስብሰን ነው የገባን።”

ውጪ ፍየሎች ካርቶን ያኝካሉ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ከጥቅምት ወዲህ ጠብ አላለም። ብርቄ ስልኩን ዘግታ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ክረምት ከበጋ ያቺኑ ጥያቄ፣ ያንኑ መልስ። የገበሬ ሚስት ስለ ዝናብ ካልጠየቀች ስለ ምን ትጠይቃለች?

ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። “ዘነበ ወይ?” ብቻዋን ተቀምጣለች።

ጥር 24፣ እሑድ

የውኃ ቦቴው ዛሬም አልመጣም። ግጥሙም።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ጋሽ አቻምየለህ እትዬ አስሊ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በሥራ ሰዓት... ግንበኛ ነው፣ የእኛ የአገር ልጆች ታላቅ። ሐርጌሳ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ መርዶውን የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው። በር ላይ ካየኸው ያንተን ሰው ትቆጥራለህ።

“ያንቺ አይደለም” አለኝ ቶሎ ብሎ። “የብርቅነሽ እናት ናት። ትናንት አረፈች። ተቀብራለች። አጎትየው ደውሎልኝ ነው።”

ሦስት ቀን አመማት አሉ። ዓርብ ስታወራን ደህና ነበረች... ወይስ ደህና ናት ብለን ነው?

የተወሰነው እንዲህ ነው። ዓርብ ንጋት ላይ ይነገራታል። ዓርብ ሁሉም እረፍት ነው፣ ሰው ይሰበሰብላታል። ዛሬ ቢነገራት ነገ ሁሉም ሥራ ነው፣ ግድግዳ ይዛ ብቻዋን ልትቀር ነው። ደግሞም እኩለ ቀን ላይ ለእናቷ ከመደወሏ በፊት መሆን አለበት። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ እንዳይደውሉላት ተነግሯቸዋል። “አንቺ አብረሻት ስለምታድሪ ነው አሁን የነገርኩሽ” አለኝ። “ፊትሽን ጠብቂ። ሦስት ቀን ነው።”

እትዬ አስሊ ሰምታ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች። ቀጥላ ቆጣ አለች። “ድሬም እንዲሁ ነበራችሁ። ለልጁ ሳትነግሩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እኛ ወዲያው ነው የምንናገረው። የሷ ሞት አይደል? እናንተ ምን ቤት ናችሁ ምትደብቁት?”

ብቻዋን እንዳትሆን ነው አልኳት። አልተዋጠላትም።

እዚህ ማንም አያየኝምና ልጻፈው። ጋሽ አቻምየለህ ሲነግረኝ ከዕንባው በፊት የመጣብኝ ሌላ ነው። መስመር። ሰባት ወር የጠፋችው መስመር እዚያው በሩ ላይ መጣች። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እርሳስ ፈለግሁ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ወጣ። ሁሉም ወጣ። እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ፣ ዜማውን ይዞ።

ዘነበ ወይ ስትል ዘንቧል እላት ነበር፣
ከእንግዲህ ማን ይጠይቅ ደረቁን የሰው አገር።

እናት አፈር ስትለብስ ልጅ ጠጉር ስትሠራ፣
ማን ይንገራት ብለን ዝም አልን በተራ።

ሁለተኛውን ሳንጎራጉር ራሴ ደነገጥኩ። ጥሩ ነው። ያወቅሁት ወዲያው ነው፣ ጥሩ ነው። ልብሱን ውኃ ውስጥ ትቼ ገብቼ ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ለናኦድ ላክሁት። ለምን እስከ ዓርብ አልጠበቅሁም? ዜማው እንዳይጠፋኝ ፈርቼ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ናኦድ ሰምቶ የሚለውን ለመስማት ነው የቸኮልኩት።

ወዲያው መለሰ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። “አምሊ... ይሄ የማን ታሪክ ነው? ሰው ሞቶባችሁ ነው?” እሱ በርበራ ነው፣ ወሬው አልደረሰውም። አንድ ቃል ብናገር በቂ ነበር።

“ከራሴ ነው” አልኩት። “እንዲሁ የመጣልኝ ነው።”

ለምን? ግጥሙ የእኔ እንዲሆን ስለፈለግሁ። ከሰው ሬሳ ላይ ለቀመችው እንዳይለኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ማታ ብርቄ ፓፓያ ይዛ ገባች። ቆርጣ ትልቁን ቁራጭ ለእኔ ሰጠችኝ። ከቦርሳዋ ደግሞ ሻርፕ አወጣች፣ ቡናማ፣ ዳርና ዳሩ አበባ ያለበት። “ለእማዬ። ለፋሲካ የሚሄድ ሰው ካገኘሁ እልክላታለሁ። ቀለሙ አይከብዳትም?”

“አይከብዳትም” አልኩ።

ራሴ ላይ አድርጋ አየችው። “አንቺ ላይ ያምራል፣ እሷ ላይም ያምራል ማለት ነው። ባለ ትልቅ ግንባር ናችሁ።” ሳቀች። ፊቴን ጠበቅሁ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ናኦድ ዛሬ ጠዋት ዘፈኑን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በኦርጋን፣ ሁለቱንም ቤት። “አዲስ፣ በቅርብ ቀን” ብሎ። አልጠየቀኝም። ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ከራሴ ነው ብየዋለሁ።

ለብርቄ ያሳየቻት ጠጉር ቤት አብራት የምትሠራው ሄቨን ናት። “ናኦድ የለቀቀውን አየሽ? አንጀት ይበላል” ብላ። ምንም ሳታውቅ።

ስምንት ሰዓት ላይ ብርቄ ደወለች። አነሳሁ። ከጀርባ የጠጉር ማድረቂያው ይጮኻል።

“እማዬ ሞተች?”

እትዬ አስሊ ከድራማዋ ቀና ብላ አየችኝ።

“አምለሰት። ዘነበ ወይ የምትለው የማን እናት ናት? ጠጉር የምትሠራው ማናት?”

“ብርቄ...”

“ዝም አልሽ። ተራሽ ነው?”

ስልኩ ተዘጋ። እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ሚኒባስ አጣሁ፣ ከጋአን ሊባህ ሰፈር እስከ ድልድዩ በእግሬ፣ ደረቁን ወንዝ አቋርጬ... ስደርስ የለችም። ሄቨን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ብርቅነሽ የያዘችውን ጠጉር ጨርሳ ነው አሉ የወጣችው። ደንበኛዋን ሳትጨርስ አልተወቻትም።

ጥር 29፣ ዓርብ

ለቅሶ። ብርቄ ሌሊት ወደ ክፍላችን ተመልሳለች። ዛሬ ሊነግራት የነበረው ሰው ሁሉ መጣ፣ ግን የሚነገር ነገር አልነበረም። ጋሽ አቻምየለህ ጋቢውን ለብሶ ንጋት ላይ ደረሰ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ምን እንደሚል ጠፋው። ሠላሳ ዓመት መርዶ የነገረ ሰው።

አከራያችን ሂርሲ ሱቁን ዘግቶ ምንጣፍ አመጣልን። ለቤቱ ሴቶች ውኃ እንዲቀዱልን ነገራቸው። “ሰብር፣ ሰብር” ይላል እየደጋገመ፣ ታገሡ ለማለት። ጎረቤት እንዳይረበሽ እኛም በዝግታ ነው የምናለቅሰው፣ ነጠላውን አፋችን ውስጥ ከትተን።

እሷ ግን አታለቅስም። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ዕንባም የለ። ሰው ፈራ። ያላለቀሰ ሐዘን ይገድላል ይባል የለ? አንዲት የጎንደር ሴት ወደኔ ዞራ፣ “አምለሰት፣ አንቺ ግጥም ታውቂ የለም እንዴ? አስለቅሻት እንጂ። አውጪላት” አለችኝ። ሌሎቹም “አዎ፣ እሷ ትችላለች” አሉ። ቲክቶኩን ያላዩ ናቸው።

ብርቅነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ጠበቀችኝ። እውነት እውነት፣ የጠበቀችኝ መሰለኝ።

ምን ልበላት? ያለኝን ግጥም አውጥቼ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን... አንዲት ቀን ብታገሥ ያው ግጥም ሙሾ ይሆንላት ነበር። ያንኑ ዘነበ ወይ ብላት ደረቷን ትመታ ነበር፣ ይወጣላት ነበር። ለእሷ ነበር የመጣው። ለስልክ ሰጠሁት።

ሲወጣ ጋሽ አቻምየለህ ጫማውን እያሰረ፣ “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” አለ። ማንንም አላየም። እኔን ነው።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ናኦድ አጠፋው። የነገርኩት ዕለት አጠፋው። ግን ሌላው ቀድቶ ለቆታል። ጅዳ ያሉ፣ ቤይሩት ያሉ ሴቶች እያለቀሱበት ነው። ከሥር “የእኔም እናት” ብለው ይጽፋሉ። በሺህ የሚቆጠሩ።

ለዚህ ነበር ሰባት ወር የጸለይኩት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ከለቅሶው በኋላ ሄቨን ጋ ነው የሰነበተችው። ማበጠሪያዎቿን፣ ሁለቱን ብርድ ልብስ፣ ሻርፑን።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ። እልኸኛ አይደለችም፣ ያ ነው የከፋው።

“ስለደበቃችሁኝ አልተቀየምኩም” አለች። “ልማድ ነው። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። ፓፓያ ስንበላ ታውቂ ነበር፣ እሺ። ሻርፑን ራስሽ ላይ ሳደርገው ታውቂ ነበር፣ እሺ። ግን አምሊ፣ ለእኔ ያልነገርሽውን ለስልክ ነገርሽው። እናቴን ከእኔ በፊት ናኦድ አለቀሰላት።”

እውነት ነው።

በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ጠጉሬን አየች። “ሊፈታ ደርሷል። እትዬ አስሊን ሰው ፈልጊልኝ በያት” አለችና ሄደች።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ረመዳንም ጾማችንም አንድ ላይ ገባ። እትዬ አስሊ ቀኑን ትተኛለች፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። አጥቤ የማላውቀውን ያህል አጥባለሁ። እጄ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዜማ ሊመጣ ይሞክራል። ሬዲዮ እከፍትበታለሁ።

ናኦድ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስቱዲዮው ሌሎቹን ሦስቱን አልፈለገም። ያንን ነው የሚፈልገው። አንድ ቤት ጨምሪበት ይላል።

“ሰው ሁሉ እያለቀሰበት ነው አምሊ።”

“ባለሐዘኗ አላለቀሰችበትም።”

“ከራሴ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ” አለ ቀስ ብሎ። አልተሳደበም። ብርቅነሽን ሳልጠይቅ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንተም አትዝፈነው አልኩት። እስከ አርባዋ ይጠብቃል።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

አርባ። ጋሽ አቻምየለህ ቤት ተሰበሰብን። የሐዘን ልብሷን ለብሳለች፣ ከስታለች። ለሰው ሁሉ ውኃ ታስታጥባለች። እኔ ጋ ስትደርስ አላለፈችኝም፣ እጄ ላይ አፈሰሰች።

ሰው ሲቀል ግቢው ውስጥ ግንብ ሥር ተቀመጥን። ናኦድ የጠየቀውን ነገርኳት። እንቢ ብትለኝ ደስታዬ ነበር።

“እናቴ ዝናብ ለምን እንደምትጠይቅ ታውቂያለሽ?”

“ገበሬ ስለሆነች...”

“እርሻ የላትም። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ነው የሰጠችው።” እጇን አጠላለፈች። “አባቴ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ ነው የቀረው። አብረውት የሄዱት ሲመለሱ ውኃ ጠምቶት መንገድ ላይ ወደቀ ብለው ነገሯት። እኔም ቆላ ወረድኩ ስላት፣ ሐርጌሳ ቆላ ነው ስላት... ዝናብ ካለ ውኃ አለ፣ ውኃ ካለ ልጄ አትወድቅም ብላ ነው። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ በሕይወት አለሽ ወይ ብላ ነው።”

አራት ዓመት ሰምቻታለሁ። ስቄባታለሁ። አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

“ግጥምሽ ላይ እናቴ የዋህ ባላገር ናት” አለች። “የዋህ አልነበረችም። ፈሪ ነበረች። እኔም የምዋሻት ለጨዋታ አልነበረም። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር አምሊ፣ ሌላ ሰው ሳይሆን አንቺን።”

“ይቅር በይኝ።”

“ናኦድ ከፈለገ ይዝፈነው። እናቴ ውስጡ የለችም። የማን እናት እንደሆነች እኔ አላውቅም።”

ነገ በርበራ ትሄዳለች። እዚያ አዲስ ጠጉር ቤት ተከፍቷል፣ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ማረፊያም ይሰጣሉ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ለናኦድ እንቢ አልኩት። እሷ እኮ ፈቅዳለች አለ። ለዚህ ነው እንቢ ያልኩት አልኩት። አልገባውም። ቆጣ ብሎ ዘጋው። የሌላ ሰው ግጥም ይዘፍናል፣ የሌላ ሰው ስም ይጻፋል። ይሁን። አልቅሻለሁ ግን። ስሜን ማየት ፈልጌ ነበር፣ አሁንም እፈልጋለሁ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዒድ። እትዬ አስሊ ሥጋ ልታስይዘኝ ነበር፣ ጾም ነኝ ስላት ተምር ጨመረችልኝ። “ያቺ ልጅ ደወለችልሽ?” አለችኝ። አልደወለችም። “አትደውዪላት። ትተሻት ቆዪ” አለች። ክፍሉ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ጠዋት ልብሴን አጠብኩ። የራሴን ብቻ። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጠራ። ብርቄ ናት፣ ከበርበራ። በዚያች ሰዓት እናቷ ጋ ነበር የምትደውለው። አውቃ ነው ወይስ እጇ ለምዶ? አልጠየቅሁም... አይ፣ ጠየቅኋት። ከእንግዲህ እጠይቃለሁ።

“እጄ ነው” አለችኝ። “ዓርብ እኩለ ቀን ሲሆን ስልኩን ያነሳል። የምደውልለት ሰው የለኝም።”

ከኋላዋ ማራገቢያ ይሰማል። በርበራ ሙቀቱ ይገድላል ይላሉ። እየበላሽ ነው? እየበላሁ ነው። ትተኛለሽ? አልፎ አልፎ። ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ፣

“እዛ ዘነበ?” አለችኝ።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ አየሁ። ሰማዩ ነጭ ነው። ፍየሏ የሂርሲ ሱቅ ጥላ ሥር ተኝታለች። ዘንቧል ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያ መልስ የእሷ ነው፣ ለእናቷ የሰጠችው ነው። ደግሞስ ስንት ጊዜ ልደብቃት?

“አልዘነበም ብርቄ” አልኳት። “ጠብ አላለም። ግን ቦቴው መጥቷል፣ በርሜሉ ሙሉ ነው። አለሁ።”

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለቅሶው ላይ ያላለቀሰችውን፣ አርባው ላይ ያላለቀሰችውን። ጮክ ብላ፣ እናቷን እየጠራች። ግጥም አላወጣሁላትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እስክትጨርስ አብሬያት አለቀስኩ። ካርዷ ሲያልቅ መልሼ ደወልኩላት።

አባትሽ ስሙ ማን ነበር አልኳት። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።